በዓል የሚያከብረው ፍልፈል

አባቴ አስማረ በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ነገር አጥብቆ ይይዛል፤ በዓልና ቂም። ቂሙ ከሰው ጋር አይደለም፤ ከፍልፈል ጋር ነው። ከቤታችን ጀርባ ባለችው የድንች ማሳ ሥር የሚኖር አንድ ፍልፈል አለ። አባቴ ስለ እሱ ሲያወራ ብትሰሙት በወሰን የተካሰሰው ጎረቤቱ ይመስላችኋል። "ትናንትም መጥቷል"፣ "ቆይ ልኩን አሳየዋለሁ"፣ "ዘሩም እንዲሁ ነው" ይላል። እስከ ዛሬ ስንቱን በወጥመድ እንደ ያዘ እኔ እንጃ፤ ለእሱ ግን ሁልጊዜ ያው አንዱ ፍልፈል ነው።

የምነግራችሁ ይህ ፍልፈል እንዴት ጻድቅ ለመባል እንደ በቃ ነው። ጽድቁን የሰጠሁት እኔ ነኝ። መልሼ የነጠቅሁትም እኔው ነኝ።

ያኔ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ቤታችን ከመካነ ኢየሱስ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ጠዋት እሄዳለሁ፣ ከሰዓት እመለሳለሁ። በትምህርት ከጎበዞቹ ተርታ ነበርሁ ብል ውሸት አይሆንም። አንድ ነገር ግን ያንገበግበኝ ነበር። አንድ ቀን ባዮሎጂ ክፍል ውስጥ በማይክሮስኮፕ የሽንኩርት ልጣጭ ለማየት ተሰልፈን፣ ስንጋፋ ስንጋፋ ተራዬ ደረሰና ዓይኔን ሳስጠጋ ደወል ተደወለ። ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ የሽንኩርት ልጣጭ ውስጡ ምን ይመስል ይሆን እያልሁ እብሰለሰላለሁ።

የባዮሎጂ መምህራችን ቲቸር ደሳለኝ አንድ ቀን ወረቀት ይዞ ገባ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለክረምት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ተቀብሎ፣ ሁለት ወር ሙሉ ከተመራማሪዎች ጋር ላቦራቶሪ ውስጥ ያሠራል። ለማመልከት ተማሪው ራሱ ያደረገው የአርባ ቀን ምልከታ ከነሰንጠረዡ ይላካል፤ ያለፈ ደግሞ ቃለ መጠይቅ አለበት። ተወዳዳሪው ከየወረዳው ነው፤ የሚገባው ጥቂት ሰው ነው።

"ማይክሮስኮፕ አለ?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ" አለ።

በቃ፣ ያን ቀን ሌላ ትምህርት አልገባኝም። ጓደኞቼ ከስልክ ላይ ስለ ፀሐይ ኃይልና ስለ እሳተ ገሞራ ይገለብጡ ጀመር። ቲቸር ደሳለኝ ግን "በቤታችሁ ያለውን ተመልከቱ፤ የሌላችሁን አታምጡ" አለን። እኔ በቤቴ ያለኝ ምንድን ነው? ፍልፈል።

ጥያቄዬ ቀላል ነበር። ፍልፈል በቀን ስንት ቁልል አፈር ያወጣል? ዝናብ ሲጥልስ ይጨምራል? አሠራሬም እንዲሁ። በየጠዋቱ ማሳው ላይ የወጣውን ቁልል እቆጥርና በዶማ እደለድለዋለሁ፤ በነጋታው የማገኘው ቁልል አዲስ ነው ማለት ነው። መጋቢት አንድ ቀን ጀመርሁ። መጋቢት አምስት ላይ ዶማዬን አንስቼ ስወጣ አባቴ በር ላይ ቆሟል።

"ወዴት ነው?"

"ፍልፈል ልቆጥር።"

"በአቦ?"

"ዛሬ አቦ ነው እንዴ?"

"ዶማሽን መልሽ።"

"እሺ ዶማው ይቅር፤ በዓይኔ ብቻ ልቁጠረው።"

"ለመቁጠር እርሻ ትረግጫለሽ፤ እርሻ ከረገጥሽ እጅሽ አያርፍም። አውቅሻለሁ።"

እውነቱን ነው፤ ያውቀኛል። ስለዚህ አምስት፣ አስራ ሁለት፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ዘጠኝ እያለ፣ እሑዶቹም ተጨምረው፣ ከአርባው ቀን አስራ አንዱ ሳይቆጠር ቀረ። በደብተሬ ላይ አስራ አንድ ባዶ ቦታ ነበረ። በየበዓሉ ማግሥት የሁለት ቀን ቁልል ተጠራቅሞ ይጠብቀኛል፤ እሱን ቆጥሬ እጽፋለሁ። ምንም አልመሰለኝም።

ማመልከቻውን ያስላክሁት መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ከምትሠራው ከማስተዋል ዘንድ ነው። ማስተዋል ጣቷ ፈጣን፣ ትዕግሥቷ አጭር ነው። ሰንጠረዡን አስገብታ ስትጨርስ አልሄድ አለ።

"ባዶ ቦታ አይቀበልም። ይኸው ቀይ አድርጎ ይመልሰዋል" አለችኝ። "እነዚህ ምንድን ናቸው?"

"ያልቆጠርሁባቸው ቀናት።"

"ታዲያ ዜሮ ልበላቸው?"

ከኋላዬ ሦስት ሰው መታወቂያ ሊያባዛ ተሰልፏል። "በያቸው" አልሁ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ... ማስተዋል አስራ አንዱንም በአንድ ትንፋሽ ሞላቻቸው። ቀዩ ጠፋ፣ ማመልከቻው ሄደ። አንድ ቅጂ አሳትሜ እየዘለልሁ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

አባቴ ንባብ የለመደው በዳዊት ነው፤ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ ሳያነብ አያልፍም። ያን ዕለት ማታ ሰንጠረዡን ተቀብሎኝ በጣቱ እየተከተለ ወረደና መጋቢት አስራ ሁለት ላይ ቆመ።

"ይች ክብ ምንድን ናት?"

"ዜሮ ናት። ምንም የለም ማለት ነው።"

"በሚካኤል ምንም አላወጣም?" ጣቱ ወረደ። "በማርያምም? በመድኃኔዓለምም?" ቀና ብሎ አየኝ። "ከማሳው ድንጋይ ካብ ላይ ሆነሽ አየሽው እንዴ?"

ዛሬ የሚያሳፍረኝ ቦታ ይኼ ነው። ያን ፊቱን እንዴት ልንገራችሁ። ስንት ዓመት የተጣላው ጠላቱ በስውር ወንድሙ ሆኖ የተገኘ ሰው ፊት ነበር።

"እህ" አልሁ።

"እህ" ማለት ውሸት ነው ወይስ አይደለም? እኔ ያን ጊዜ አይደለም ብዬ ተኛሁ። በነጋታው አባቴ ወጥመዱን ከማሳው ነቅሎ ጎጆው ጣራ ሥር ሰቀለው። "በዓል የሚያከብር ፍጡር አልገድልም" አለ። እናቴ "ድንቹስ?" ብትለው "ድንች ምን አላት፤ ተካፍለን እንበላለን" አላት። ከዚያ በኋላ ወሬውን ማን ያቁመው። አባቴ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነው፤ እዚያ ተናገረ። በሳምንቱ ሰዎች ካቡ ላይ ቆመው ማሳውን ያዩ ጀመር። አንዱ "ረቡዕና ዓርብስ ይጾማል?" ብሎ ቢጠይቀው፣ አባቴ ሳይስቅ "እሱማ ከድንች በቀር ምን ቀምሶ ያውቃል፤ ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ነው" ብሎ መለሰለት። እኔ ይህን ሁሉ እየሰማሁ ዝም።

ግንቦት ሲገባ ለቃለ መጠይቁ እንዳለፍሁ ተነገረኝ። ቀኑ ግንቦት አስር ነበር። የሚጠይቁኝ በቪዲዮ ስለ ሆነ ቲቸር ደሳለኝ የኮምፒዩተር ክፍሉን አስከፍቶ፣ ጸጉሬን አስተካክዬ እስክቀመጥ ጠብቆ፣ "አትፍጠኚ፤ የማታውቂውን አላውቅም በይ" ብሎኝ በር ላይ ቆመ። እኔ ግን ፍልፈል ስንት ጥርስ እንዳለው፣ ዓይኑ ለምን እንዳነሰ፣ ስንት ወር እንደሚያረግዝ ሸምድጄ መጥቻለሁ። ይጠይቁኝ ብቻ።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ሰው ብቅ አሉ። አንዷ ጸጉራቸው የሸበተ ዶክተር ናቸው፤ ሁለተኛው መነጽር ያደረገ ወጣት ተመራማሪ ነው። ዶክተሯ ጤንነቴን ከጠየቁኝ በኋላ ወጣቱ ቀደመ።

"ትርንጎ፣ የአንቺ ፍልፈል እንቅልፍ ነስቶኛል" አለ። "መጋቢት አምስት ዜሮ፣ አስራ ሁለት ዜሮ፣ ሃያ አንድ ዜሮ። በማግሥቱ ደግሞ እጥፍ። ከጨረቃ ጋር ላገናኘው ሞከርሁ፣ አልሆነም። ከዝናብ ጋር ሞከርሁ፣ አልሆነም። ይህ እንስሳ ቀን ለይቶ የሚያርፍ ከሆነ፣ እኔ እስከማውቀው ማንም ያልጻፈው ነገር ነው። ምን ይመስልሻል?"

ማንም ያልጻፈው ነገር። ማይክሮስኮፑ ታየኝ፣ ነጭ ጋወን ለብሼ ታየኝ፣ አባቴ ለማኅበርተኛው ሲያወራ ታየኝ። "ምናልባት ድካም ይሆናል" ብል ማን ያውቅብኛል? አፌን ከፈትሁ።

"ቆይ፣ ከመመለስሽ በፊት" አሉ ዶክተሯ። "እኔ ያደግሁት እዚያው አቅራቢያችሁ፣ ስማዳ ነው። ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። አባትሽ የሚያከብሯቸው በዓላት የትኞቹ ናቸው?"

የከፈትሁት አፌ እንደ ተከፈተ ቀረ። ከዚያ ሌላ ምን አደርጋለሁ፣ ቆጠርሁላቸው። "አምስት አቦን... አስራ ሁለት ሚካኤልን... ሃያ አንድ ማርያምን..." በእያንዳንዱ ቁጥር የወጣቱ ጣት ወረቀቱ ላይ ይወርዳል። "ሃያ ሰባት መድኃኔዓለምን... ሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድን... እሑድን።" ሃያ ዘጠኝ ላይ ስደርስ መነጽሩን አወለቀ።

"እንግዲህ ወይ ፍልፈሉ ክርስቲያን ነው፣ ወይ አንቺ አልቆጠርሽም" አሉ ዶክተሯ።

"አልቆጠርሁም።"

"ዜሮ ምን ማለት ነው?"

"ምንም የለም ማለት ነው።"

"ምንም እንደሌለ አይተሻል?"

"አላየሁም። ቅጹ ባዶ ቦታ አይቀበልም ሲሉኝ ነው..." በር ላይ ቲቸር ደሳለኝ ጫማውን ያያል።

ዶክተሯ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ዜሮ ትልቅ ቃል ነው ልጄ" አሉኝ። "ሄጄ፣ ፈልጌ፣ አጣሁ ማለት ነው። አንቺ አልሄድሽም። ይህ ወንድምሽ ደግሞ በአንቺ ምክንያት ጨረቃ ሲያይ ከርሟል።" ወጣቱ ሳይወድ ፈገግ አለ። "ውሳኔ የምንሰጠው አስራ ሦስት ጠዋት ነው። እስከዚያ በመካከሉ አንድ በዓል አለ።"

"ሚካኤል" አልሁ።

"ከሚካኤል አንድ እውነተኛ ቁጥር አምጪልን። ምንም ይሁን ምን፣ ያየሽውን ብቻ።" ቀጥለው ሌላ ነገር ሊሉ ሲሉ መስመሩ ተቋረጠ።

ያን ቀን የአንድ ሰዓቱን መንገድ ሁለት ሰዓት ሄድሁት። ነገሩን አስቡት። ከሚካኤል ቁጥር ለማምጣት በሚካኤል እርሻ መርገጥ አለብኝ። ያን ለማስፈቀድ ለአባቴ እውነቱን መንገር አለብኝ። ይባስ ብሎ የዚያ ወር የማኅበሩ ተራ የእኛ ቤት ነው፤ አስራ ሁለት ቀን ማኅበርተኛው በሙሉ እኛ ቤት ይውላል። እናቴ ጠላውን ጠንስሳ ጨርሳለች።

አባቴን በረቱን ሲጠግን አገኘሁት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርሁት፤ የማስተዋልን ቀይ ቦታ፣ የዶክተሯን ጥያቄ፣ ሁሉንም። እጁ ሥራውን አላቆመም።

"ከካቡ ላይ ሆነሽ አየሽ ስልሽ እህ አላልሽኝም?"

"ብዬሃለሁ።"

"እህ ማለት ምን ማለት ነው?"

አባቴ መዶሻውን አስቀምጦ ወደ ማሳው ወጣ። ወጥመዱን ሊመልስ ነው ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ካቡ ላይ ተደግፎ ረዥም ጊዜ ቆመና ተመለሰ።

"ላይሆንም ይችላል" አለ።

"ምኑ?"

"ቀድሞ ሳታይ አርፏል አልሽ። አሁን ደግሞ ሳታይ ሠርቷል ትያለሽ። ማን አይቶታል? እስቲ እንየው።"

ከዚያ ወዲህ ብዙ ምሁር ሲናገር ሰምቻለሁ፤ ነገሩን እንዲህ አሳጥሮ የነገረኝ ግን የለም። እርግጥ አባቴ ይህን ያለው ለሳይንስ ብሎ አልነበረም። ፍልፈሉ ጻድቅ ሆኖ እንዲቀርለት ተስፋ አድርጎ ነው። ቢሆንም ሕግ አወጣልኝ። በዓል የሚገባው ከዋዜማው ማታ ስለ ሆነ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ማሳው ይደለደላል። በበዓሉ ቀን እኔ ብቻ እገባለሁ፤ ዶማ የለም፣ እጄ ወደ ኋላ ይጣመራል። እስክሪብቶም ቢሆን የለም።

"መጻፍም ሥራ ነው?"

"እንዴታ። ቁጥሩን እኔ በቃሌ እይዝልሻለሁ።"

ግንቦት አስራ አንድ ከሰዓት በኋላ አባትና ልጅ ሁለት ዶማ ይዘን ማሳውን ደለደልነው። እናቴ በበሩ ብቅ ብላ "ነገ ማኅበር አለብኝ፤ እነሱ ለፍልፈል መኝታ ያነጥፋሉ" አለች። የመጨረሻውን ቁልል አስተካክለን ስንወጣ ጀምበሯ ግማሿ ቀርታ ነበር።

በነጋታው ማለዳ አባቴ ነጠላውን መስቀልያ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀጥታ ወደ ካቡ መጣ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ገባሁ። ገና ከሩቁ አይቼዋለሁ፤ ጥቁርና እርጥብ አፈር። ወደ አባቴ መዞር አቃተኝ።

"ስንት ነው?" አለኝ ከካቡ ላይ።

"ሰባት።"

"ደግመሽ ቁጠሪ።"

ደግሜ ቆጠርሁ። "ሰባት ነው አባየ።"

"የትናንት እንዳይሆን።"

"ትናንትማ አብረን ደልድለነው።"

ከካቡ አልራቀም። እኔም ከቆምሁበት አልተንቀሳቀስሁም። በዚህ መካከል ከእግሬ ሁለት እርምጃ ርቆ አፈሩ እብጥ አለ። ፈረሰና እንደገና እብጥ አለ። ከሥር የሚገፋው እየገፋ፣ እያረፈ፣ እየገፋ፣ ዓይናችን እያየ አንድ ሙሉ ቁልል ወጣ። በሚካኤል ዕለት፣ በጠዋቱ፣ ነጠላ ለብሶ በቆመው በአባቴ ፊት።

"ስምንት" አለ አባቴ።

ድምፁ ውስጥ ንዴት አልነበረም። ዘመድ ሸኝቶ የሚመለስ ሰው ድምፅ ነበር። እኔ የዚያን ጊዜ ማልቀስ ጀመርሁ፤ ስለ ማይክሮስኮፑ አልነበረም፣ ስለ "እህ" ነበር።

ቀትር ላይ ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ቄስ ሞላ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው መዞር ሲጀምር፣ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ወደ አባቴ ዘወር አለና "አስማረ፣ ያ ማኅበርተኛህ ዛሬም አርፎ ዋለ?" አለው። ቤቱ ሳቀ። አባቴ ዋንጫውን ይዞ እኔን አየኝ። እኔ የዳቦ ሰፌድ ተሸክሜ መካከል ላይ ነኝ። ሊሸፍንልኝ እንደሚችል አየሁ፤ "እሱማ" ብሎ ቀልዶ ሊያልፈው ይችላል። የሚያፍረው ግን እሱ ይሆናል።

"አላረፈም" አልሁ። "ድሮም አላረፈም ነበር። እኔ ነኝ ሳላይ ዜሮ ብዬ የጻፍሁበት። አባየ በእኔ ቃል ነው የነገራችሁ።"

ጠላ የሚቀዳው እንኳ ቆመ። ቄስ ሞላ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር፤ ገለጡት።

"ስንት ዜሮ ጻፍሽ?"

"አስራ አንድ፣ አባ።"

"እንግዲያስ አስራ አንድ ስግደት ነው። አሁን ግን በዓለ ኀምሳ ስለ ሆነ አይሰገድም። ጰራቅሊጦስ ሲያልፍ ትፈጽሚዋለሽ።" ዋንጫቸውን አነሱ። "ፍልፈሉን በሚመለከት፣ እሱ በዓል አክብር ተብሎ አልታዘዘም። የታዘዝነው እኛ ነን። ታዛዡን ከታዘዘበት ቦታ እንፈልገው።"

ሙሴው "ታዲያ አስማረ፣ ወጥመዱ ከተሰቀለበት ይውረዳ" ሲል ቤቱ እንደገና ሳቀ። በዚህኛው አባቴም ሳቀ። ያን ሳቅ ስሰማ ሰፌዱ ከእጄ ላይ ቀለለኝ።

አመሻሽ ላይ እጄን አጣምሬ ተመልሼ ገባሁ። አራት ተጨምሯል። ስምንትና አራት አስራ ሁለት። አባቴ ሰምቶ ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። "በአስራ ሁለተኛው ቀን አስራ ሁለት። አየሽ? ይህንስ ማን አስተካከለው?"

"አባየ፣ ይኼን ሰንጠረዥ ላይ አልጽፈውም።"

"አትጻፊው። እኔ ግን ይዤዋለሁ።"

ጀምበር ስትጠልቅ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጥቼ፣ ቲቸር ደሳለኝ በሰጠኝ አድራሻ ለዶክተሯ መልእክት ላክሁ። "ግንቦት አስራ ሁለት፣ ሚካኤል፣ አስራ ሁለት ቁልል። አንዱ ሲወጣ አይተናል። በፊት ዜሮ ያልኋቸው አስራ አንዱ ቀናት ዜሮ አይደሉም፤ አላየሁባቸውም። በየማግሥቱ ያለው ቁጥርም የሁለት ቀን ነው።" ከላክሁት በኋላ ማይክሮስኮፑን ተሰናበትሁት። ሰው ስህተቱን በገዛ እጁ ዘርዝሮ ልኮ ምን ይጠብቃል?

በሳምንቱ ቲቸር ደሳለኝ ክፍላችን በር ላይ ቆሞ ስሜን ጠራ። ሌላ ነገር አልተናገረም፤ አውራ ጣቱን ብቻ አሳየኝ።

ሐምሌ ላይ ዶክተሯን በአካል ሳገኛቸው ለምን እንደ ተቀበሉኝ ደፍሬ ጠየቅኋቸው። "የሌሎቹ ሰንጠረዥ አርባውም ቀን ሙሉ ነበር" አሉኝ። "እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ አርባ ቀን ሙሉ ምንም ያልጎደለበት እርሻ አይቼ አላውቅም።" ወጣቱ ተመራማሪ ግን ክረምቱን ሙሉ ባገኘኝ ቁጥር "ፍልፈሉ ዛሬ ምን በዓል ነው አለ?" ይለኝ ነበር። የሽንኩርቱን ልጣጭም አየሁት። እንደ ግንብ ጡብ የተደረደረ ነው፤ ደወልም አልተደወለም። አስራ አንዱን ስግደት የፈጸምሁት በመኝታ ክፍላችን ነው። አብራኝ የምትተኛዋ ልጅ ፈተና ፈርቼ መስሏት እሷም ጨመረችበት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ቅጽ የምትሞሉ ልጆች፣ ምክር አልሰጣችሁም፤ ምክር ሰጪ ሞልቷል። የእኔን ብቻ ልንገራችሁ። ከዚያ ክረምት ወዲህ "አላውቅም" ማለት አያሳፍረኝም። የሚያሳፍረኝ ሳልሄድ "የለም" ማለት ነው። ስለ ሰው ሲወራ እንኳ፣ "እገሌማ ደግነት የለውም" ሲባል፣ በልቤ "ሄደህ ፈልገህ አጥተህ ነው?" እላለሁ። አንዳንዴም በአፌ እለዋለሁ፤ ለዚህ ነው ወዳጆቼ ቁጥራቸው ያልበዛው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወደ ቤቴ ስመለስ አባቴ ከዳዊቱ ማኅደር ውስጥ አንድ ደብተር አውጥቶ ሰጠኝ። እኔ በሌለሁበት ሲቆጥር ከርሟል። ቀኑ፣ ቁጥሩ፣ ዝናብ መጣሉና አለመጣሉ፣ ሁሉም በዚያ ቀጥ ባለ ጽሑፉ ተጽፏል። በበዓላቱ ቀን እርሻ አልረገጠም፤ ቦታውንም በዜሮ አልሞላውም። በየበዓሉ ትይዩ "አላየሁም" ይላል። ሐምሌ አምስት፣ አላየሁም። ሐምሌ አስራ ሁለት፣ አላየሁም። ሐምሌ ሃያ አንድ፣ አላየሁም።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ነሐሴ አስራ ሁለት አለ፤ ሚካኤል። እዚያ ላይ አንዲት ሐረግ ጨምሯል። "አላየሁም፤ አርፏል ብዬ እጠረጥራለሁ።"